ከደጋ እስጢፋኖስ እስከ ባልቲሞር

ባሕር ዳር ለኖረ ሰው ክብራን ገብርኤል ሩቅ አገር አይደለም። ከሐይቁ ዳር ቆሞ ላየ ደሴቷ ከነዛፎቿ ትታያለች፤ በሞተር ጀልባም አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ እቃ ቤት ውስጥ ከ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም ከ15ኛው መጀመሪያ የሚቆጠር፣ ሙሉ ገጽ የያዙ ሥዕሎች ያሉት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ አለ። የኢትዮጵያን የሥዕል ታሪክ የጻፉ ምሁራን ሳያነሱት የማያልፉት መጽሐፍ ነው። ወንድሜ አይቶታል። አብሮን ያደገው የጎረቤታችን ልጅ፣ ለፈተና እንኳን ደብተሩን ገልጦ የማያውቀው፣ እሱም አይቶታል። እኔ አላየሁትም፤ ወደፊትም አላየውም። ክብራንንም ሆነ ደጋ እስጢፋኖስን ሴት አትረግጣቸውም።

ለክስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ወደ ክሱ ብንገባ እንኳን ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። የምጽፈው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልቲሞር ላይ የገጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የውጭዎቹን ከኛዎቹ ጋር እየቀላቀልኩ እንዳላደናግራችሁ።)

ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ሥልጠና ስለሌለ አብረውኝ የነበሩት ገበያ ሲወጡ እኔ ዋልተርስ የሚባለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ልይ ብዬ ቀረሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ጥበቃው ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጀርባ ቦርሳሽን ወደ ፊት አድርጊው። ሽቅብ ቁልቁል ስል ቆይቼ አንድ ክፍል ስገባ ፊት ለፊቴ የኛው የመስቀል ዓይነት ተደርድሮ አገኘሁ። ቀጥሎ ብራና። ቀጥሎ ደግሞ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት ሥዕል፦ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ የመላእክት አለቆች በግራ በቀኝ ቆመው፣ ሐዋርያት ተሰልፈው። መግለጫው ላይ የሣለው ሰው «የፍሬ ጽዮን ተከታይ» መሆኑ ተጽፏል።

ፍሬ ጽዮን ማን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ የኖረ መነኩሴ ሠዓሊ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። ፍሬ ጽዮንን የምናውቀው ደጋ እስጢፋኖስ ያለ አንድ ትልቅ የሰሌዳ ሥዕል ላይ ስሙ ከንጉሡ ስም ጋር ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ሌሎቹ ሥዕሎች «የሱ ናቸው»፣ «የተማሪዎቹ ናቸው» የሚባሉት ከዚያ ከአንዱ ጋር እየተመሳከሩ ነው፤ የፊቱ አሣሣል፣ የልብሱ እጥፋት፣ የመላእክቱ ክንፍ። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሌላው ናሙና ሁሉ የሚለካበት ማመሳከሪያ ደጋ ላይ ነው።

እና እኔ የመምህሩ ሥራ በሐይቃችን መካከል እያለ ማየት የማልችለው ሴት፣ የደቀ መዝሙሩን ሥራ ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሬ ቆሜያለሁ። አንዲት ሕፃን ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ አየችው። ከዚያ ሄደች። እኔ ቆየሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ቅር አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቅር ያለኝ በማን እንደሆነ ለራሴም ግልጽ ሳይሆንልኝ ቀረ።

ዋልተርስ የመንግሥት ግምጃ ቤት አይደለም። ዊልያም ዋልተርስ የሚባል ነጋዴና ልጁ ሄንሪ የሰበሰቡት ነው፤ ልጁ በ1931 ሲሞት ለከተማው ተናዘዘው። አባትና ልጅ የሰበሰቡት በአብዛኛው የአውሮፓና የእስያ ዕቃ ነበር። የኢትዮጵያው ክፍል ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1993 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካዋሳቸው ቅርሶች ጋር «አፍሪካዊት ጽዮን» የተባለ ትልቅ ዐውደ ርዕይ እዚያው ዋልተርስ ተከፍቶ የአሜሪካን ከተሞች ዞረ። የሙዚየሙ ሰዎች ያዩትን ወደዱት መሰለኝ፣ በ1996 ከግል ሰብሳቢዎች ብዙ የኢትዮጵያ ሥዕልና መስቀል ገዙ። ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ታላላቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱ ነው። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ከ220 በላይ ዕቃዎች የታዩበትን «ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ ላይ» የሚል ዐውደ ርዕይ ከፈቱ፤ ከባልቲሞር ወደ ሴለም፣ ከሴለም ወደ ቶሊዶ ተጓዘ። በዚያኛው ላይ ከጥንቱ ሥዕል ጎን የዘመናችን ሰዎች፣ እነ ወሰኔ ኮስሮፍና ጁሊ ምሕረቱ፣ ተሰቅለዋል።

ኒው ዮርክም አለ። የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1998 የገዛው አንድ የብራና ወንጌል ከ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ የተጻፈ ነው፤ ከክብራኑ ወንጌል ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ነው። መነሻው ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ታውቃላችሁ? «ጣና ሐይቅ አካባቢ»። ይኸው ነው። ተረኛ ሆኜ ካርዱ ላይ «አድራሻ፦ ጎጃም» ብቻ የተጻፈበት በሽተኛ ሲመጣልኝ የሚሰማኝ ስሜት ተሰማኝ። የትኛው ገዳም? የትኛው እቃ ቤት? ማን አወጣው? ለማን ሸጠው? የጣና አካባቢ እኮ አንድ ቤት አይደለም፤ ከክብራን እስከ ጎርጎራ፣ ከዘጌ እስከ ደቅ ስንት ደብር አለ።

ቅርሳችን እንዴት ወጣ ሲባል ሁላችንም መቅደላን እንጠራለን። እውነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቹትን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1868 ዘረፈው፤ ዕቃው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጫነ ይባላል፤ 350 ያህል ብራና የብሪታንያ ሙዚየም ገባ። ለሐኪም ግን መቅደላ ሌላም ታሪክ አላት። ከዚያው ጦር ሜዳ አንድ የጎንደር ሕፃን ብቻውን ተገኝቶ ከጦሩ ጋር ወጣ። ሕንድ አደገ፣ ላሆር ሕክምና ተማረ፣ ኤድንብራ ጨመረበት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ ፈረንጆቹ ዶክተር ማርቲን ያሉት፣ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም። ጎልምሶ አገሩ ሲመለስ አያቱ መጥተው ሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው እንዳወቁት ይተረካል። መጻሕፍቱና ልጁ በአንድ ዓመት ከአንድ ቦታ ወጡ፤ ልጁ ተመለሰ።

እግረ መንገዴን፦ ይኸው ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ተልኮ ኒው ዮርክ የሄደው ስለ ጣና ነበር። የሐይቁ መውጫ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ጄ.ጂ. ኋይት ከተባለ የአሜሪካ መሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ተነጋገረ፤ ቀያሾቹም ከ1930 ጀምሮ ሐይቁን መጥተው ለኩ። ግድቡ በጣልያን ወረራ ሳቢያ ቀረ። የጣናን ስም ኒው ዮርክ ያደረሰው ከሥዕል በፊት ውሃ ነው፣ አድራሹም የኛ ሙያ ሰው። ጎንደር ስንማር ይህን የነገረን ሰው አልነበረም፤ ተማሪዎቻችሁን የምታስተምሩ ንገሯቸው።

ከመቅደላ በኋላ ያለው መውጣት ግን የጦርነት ብቻ አይደለም። በ1932 የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ ተልእኮ ጎንደር መጥቶ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን ልጦ ወሰደ። ልጦ ስል እንዲሁ አይደለም። የኛ የግድግዳ ሥዕል ብዙ ጊዜ በቀጥታ ጭቃው ላይ አይሣልም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ይላጣል። በቦታው ጋስተን ልዊ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ቅጂ ሠራላቸው። ዋናው ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ጎንደር ስድስትና ሰባት ዓመት የተማርን ሰዎች አባ እንጦንስን ሄደን ያየን ስንቶቻችን ነን? እኔ አላየሁም ነበር። ፋሲል ግቢ ፎቶ ተነሥቼ፣ ጥምቀትን አይቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለ ዝሆንና ያለ ተልእኮ፣ በሻንጣ የወጣው አለ። ቱሪስት ሲበዛ፣ የአዲስ አበባ ቅርሳ ቅርስ ሱቆች ሲደምቁ፣ አንድ መስቀል ዛሬ፣ አንድ ዳዊት ነገ እየተባለ ነው የሄደው። በ1966 የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ወጣ፣ በ1989 ሌላ፣ በ2000 ደግሞ ዛሬም የምንጠቅሰው አዋጅ ቁጥር 209። አዋጁ ዕቃ ከመውጣት ይከለክል ይሆናል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ መጥፋቱን ግን ሊያውቅ አይችልም።

በዚያ ጊዜ በጎ ሥራ የሠራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1963 ስድስት ኪሎ ላይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ሥዕሉ ገበያ ላይ ሲወድቅ እየተከታተለ ለተቋሙ መግዛት ያዘ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ልብ በሉ፣ የወዳጆች ማኅበር። ዛሬ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የምናየው የሥዕል ስብስብ ያለ እነዚያ መዋጮዎች ባልቲሞርና ለንደን ይሆን ነበር። ከገበያ መግዛት ሌባውን ያበረታታል የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩ ትክክል ነው። ሥዕሎቹ ግን አሉ።

አሁን ወደ ክብራን ልመለስ።

ሴት አትግባ የሚለው ሥርዓት ለምን እንደቆመ መነኮሳቱ የሚሰጡት ምክንያት አላቸው፤ እኔ ልተረጉመው አልነሣም። ግን እንደ ታሪክ አንባቢ አንድ ነገር አልክድም። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱ ሲቃጠሉ ንዋየ ቅድሳት የሚሸሸገው እነዚህ ደሴቶች ላይ ነበር። ደጋ የአፄ ዳዊትንና የአፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ኋላም የአፄ ፋሲልን አፅም ያስጠለለ ነው። ደሴቱን የጠበቀው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ማንም እንደፈለገ ገብቶ የማይወጣበት መሆኑም ነው። ለኔ የተዘጋው በር ለገዢውም በከፊል ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ቅሬታዬ ይለሰልሳል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ደግሞ ሁሉም አልተዘጋብኝም። ከክብራን ጎን እንጦስ ኢየሱስ አለች፤ ሴት ትገባለች። ዘጌ፣ ቡናው መካከል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ክፍት ናቸው። የዑራን መቅደስ ዙሪያውን የሸፈነውን ሥዕል ያየ ሰው ሌላ ሙዚየም የሚያምረው አይመስለኝም፤ አጠገቡም ዘውድና መስቀል የሚያሳዩበት ቤት አላቸው። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ አለ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዘመናቸው አገር የገዙ ሴት በሐይቁ ላይ ደብር ተክለው ራሳቸውን ሥዕሉ ውስጥ አስገብተዋል። እኔ እቴጌን ባየሁ ቁጥር ትንሽ እጽናናለሁ።

የጎደለን ደሴቱን መርገጥ አይደለም። ሥዕሉን ማየት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጣናን መጻሕፍት ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ሊቅ በ1968 ፎቶ አንሥቷቸዋል፤ ዝርዝራቸውን የያዘው የመጀመሪያው ጥራዝ በ1973 በጀርመንኛ ታተመ፤ ክብራንም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በዚያው በ1973 ከመንበረ ፓትርያርኩ ጋር በመስማማት በአሜሪካ ሚኒሶታ ለሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀመረ፤ ደርግ መጥቶ፣ ጦርነት ሆኖ፣ ሥራው ግን አልቆመም። ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ከፊልሙ ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያነበቧቸውና የመዘገቧቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመተው እግራቸውን አጥተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በ1976 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 አረፉ። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው በቀን ስንት ሰዓት መቀመጥ እንደሚከብደው የምናውቅ እኛ ነን። እሳቸው ዐሥርት ዓመታት ተቀምጠው የመጻሕፍቶቻችንን ካርድ ሞሉ።

ካርድ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ካርድ ክፍል የተዝረከረከ እንደሆነ የቀረው ቢያምርም ዋጋ የለውም። በሽተኛው የት እንደነበረ፣ ምን እንደነካው፣ ማን እንዳየው የሚያውቀው ካርዱ ነው። አንድ ብራና በ1970ዎቹ በአንድ ገዳም ፎቶ ተነሥቶ ከሆነ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ አገር መደርደሪያ ላይ ሲገኝ «ከእገሌ ገዳም ነበርክ» ሊባል ይችላል። ካልተነሣ «ጣና ሐይቅ አካባቢ» ሆኖ ይቀራል።

መመለስም ይቻላል። ዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከ15ኛው መቶ ዘመን የሚቆጠር አንድ ብራና በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። ባለቤቱ ስለታወቀ ነው መመለስ የተቻለው። ያለ ባለቤት ስም ለማን ይመለሳል?

ሃዋርድ ካልን እስክንድር ቦጎሲያንን ሳላነሣ አላልፍም። አዲስ አበባ በ1937 ተወልዶ፣ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ በ1966 መጥቶ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሦስት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ሃዋርድ ውስጥ ሦስት ዐሥርት ዓመት ገደማ አስተማረና በ2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ። በ1964 የሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለው ሥራው ራሌይ ከተማ፣ የሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። የክፍለ ሀገር ሙዚየም ነው እንግዲህ፤ የኛ ከተማ የሚያህል ከተማ ውስጥ ያለ። ሰውዬው ከክታብና ከብራና ሥዕል የወሰደውን ዓይን ጎብኚው እዚያ ቆሞ ያያል። የእስክንድር ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በፈቃዱ ሣለ፣ ሸጠ፣ ስሙ ከሥሩ ተጽፏል። ማንም «አፍሪካ፣ ምሥራቅ» ብሎ አያልፈውም።

ባሕር ዳርስ? የሰማዕታት ሐውልቱ ከነሙዚየሙ አለ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ የሐይቁን ሥዕሎች አንድ ላይ የሚያሳይ አዳራሽ ግን የለንም። ዋናውን ከገዳማቱ አምጡ አልልም፤ ቢባልም አይሰጡም፣ ባይሰጡም ደግ አደረጉ። ቅጂ ነው የምለው። በልኩ የታተመ፣ ቀለሙ የተስተካከለ ጥሩ ቅጂ፣ ከገዳማቱ ፈቃድ ጋር፣ ከገቢውም ለገዳማቱ ድርሻ ተቆርጦ። የክብራኑ ወንጌል ገጽ በገጽ፣ የደጋው የፍሬ ጽዮን ሰሌዳ በሙሉ ቁመቱ። ጎብኚ በጠፋባቸው በእነዚህ ዓመታት ጀልባዎቹ ታስረው የሚውሉ ባለ ጀልባዎችም፣ ገዳማቱም ከዚህ የሚያጡት ነገር አይታየኝም። ማኅበራችን ለግብዣና ለቲሸርት የሚያዋጣውን አውቃለሁ፤ እኔም አዋጥቻለሁ። የአንድ ዓመቱን ወደዚህ ብናዞረው፣ ከመካከላችን ካሜራ የሚያውቅ፣ ግዕዝ የሚያነብ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሁሉም አለ። ሐሳቤን የሚነቅፍ ካለ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይንቀፈኝ፤ እመጣለሁ።

ከባልቲሞር ከተመለስኩ በኋላ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው የተዋወቅኳቸውን አንድ የዘጌ አባት ጠየቅኋቸው። ሞራው ተነሥቶላቸው በደንብ ያያሉ። ስልኬን አውጥቼ ያን ባለ ሁለት ክንፍ ሥዕል አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ «ስንት ገዙት?» አሉኝ። አላውቅም አባ፣ አልኳቸው።

«ጀርባውን አይተሻል፣ ልጄ?»

«ምን አለው ጀርባው?»

«ያሠራው ሰው፣ የሰጠበት ቦታ፣ አንዳንዴ ግዝቱም እዚያ ይጻፋል። የሸጠው ፍቆት ካልሆነ።»

ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ነበር። ጀርባውን አላየሁትም። ለሙዚየሙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ይህ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሲገባ መልስ አልመጣልኝም ነበር።